ለልጣጭ የመጡ ሽማግሎች

ፍሬሰላም በሃያ ስምንት ዓመቷ የናቀቻቸውን ሰዎች ልቁጠር ብትል፣ ከፒያሳ ተነስታ አዘዞ እስክትደርስ ጣት አይበቃትም ነበር። ባለ ሱቁን ትንቃለች፤ ለሦስት ሎሚ ፌስታል፣ ለፌስታሉም ሌላ ፌስታል ይደርባልና። የሙዝ ልጣጩን በመኪና መስኮት ወርውሮ፣ ወረድ ሲል ከተማዋ ቆሸሸች እያለ የሚያማርረውን ትንቃለች። ስብሰባ በተቀመጠ ቁጥር ስለ አረንጓዴ ልማት ሳይናገር የማይነሳውን፣ ከደጁ ግን አንድ ችግኝ የማይገኘውን ሹም ትንቃለች። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን የአቶ ነጋን ቤት ነበር። ክፋቱ፣ የምትወደው ሰው የተወለደው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

አቶ ነጋ ፌስታልና የፕላስቲክ ዕቃ የሚያከፋፍሉ ባለ መጋዘን ናቸው። ከኮላ ድባ እስከ ትክል ድንጋይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ሽንኩርቱን ቤቱ የሚያደርሰው በእሳቸው ፌስታል ነው። ፌስታሉም በማግስቱ አንድም አጥር ላይ፣ አንድም ላም ሆድ ውስጥ ይገኛል። ሰው ይህን ሲነግራቸው እሳቸው ላሟን ነው የሚወቅሱት።

ፍሬሰላም ደግሞ የወይዘሮ አስናቀች ልጅ ናት። ወይዘሮ አስናቀች ባላቸውን በጊዜ ቀብረው፣ ቅዳሜ ገበያ ፍራፍሬ እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው። ልጅቱም ኬሚስትሪ ተምራ የላቦራቶሪ ሥራ ያዘች። እስከዚህ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግናታል። ሰፈሩን ያሳቀው ከሥራ ስትወጣ የምታደርገው ነው። በየጁስ ቤቱ እየዞረች የሙዝ ልጣጭና የማንጎ ፍሬ በማዳበሪያ ትሰበስባለች። ፍሬውን ሰብራ ውስጡን ትፈጭና በውሃ አጥልላ፣ ነጭ ሆኖ ከሥር የሚዘቅጠውን ዱቄት ታወጣለች። ከተፈጨው ልጣጭ፣ ከአቼቶና ከፋርማሲ ከምትገዛው ግሊሰሪን ጋር እሳት ላይ እያማሰለች ታወፍረዋለች፤ ከዚያ ትሪ ላይ አሳስታ ትዘረጋዋለች። ሲደርቅ እንደ ስስ ቆዳ ተልጦ ይነሳል። ቡናማ ነው፣ መልክ የለውም፣ የአቼቶ ሽታውም አይለቅም። ግን ፕላስቲክ ነው፤ አፈር ሲገባ አፈር የሚሆን ፕላስቲክ።

ሰፈሩ "ልጣጭ ለቃሚ" አላት። ቃሉ ከአቶ ነጋ አፍ ወጥቶ ነው የተዛመተው ይባላል። ሌላ ባያዋጡም ስም ማውጣት ይችሉበታል።

ሰውአገኝ የእኚሁ ሰውዬ የመጨረሻ ልጅ ነው። አባቱ መጋዘን ተረከብ ሲሉት እሱ ስለ ደን ተማረ፤ ተምሮም ድብ ባሕር ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረ። አባትየው ልጅዎ ምን ይሠራል ሲባሉ "ቅጠል ያጠጣል" ይላሉ። ከፍሬሰላም ጋር የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራዋን ይዛ አንድ ዐውደ ርዕይ ጥግ ላይ ቆማ ሳለ ነው። ሰዉ ሁሉ እያየ፣ እያሸተተ፣ ፈገግ እያለ ያልፋል። እሱ ግን አንዱን ቁራጭ አነሳና ወደ ፀሐይ ዘርግቶ፣ በዚያ በቡናማው ውስጥ እሷን አያት። ብዙ አያት። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜውኑ ትንቀው ነበር፤ እሱን መናቅ ግን ረሳች።

የችግኙን ነገር ያመጣው እሱ ነው። ደጋው ላይ ክረምት ሲገባ አገሩ ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ ይተክላል። ተካዩ ይቸኩላል፤ ጉድጓዱ ብዙ ነው፣ ዝናቡም ይመጣል። ስለዚህ ችግኙን ከነጥቁር ፕላስቲኩ ይቀብረውና ይሄዳል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲዞር ሲዞር ይሞታል፤ በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ይተከላል፣ ፎቶም ይነሱበታል። ከረጢቱ ራሱ አፈር ቢሆን ግን የቸኮለም ሰው ቢተክለው ሥሩ መውጫ አያጣም። ፍሬሰላም ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ላይ ደከመች። በሰኔ መባቻ ስድስት መቶ ትናንሽ ከረጢቶች በካርቶን አሽጋ ሰጠችው፤ እሱም በሚኒባስ ጭኖ ድብ ባሕር ወሰዳቸው። ሲሰነባበቱ፣ ይህ ቢሳካም ባይሳካም በክረምቱ ሽማግሌ አስልካለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ባይሳካም ያላትን ቃል ነው የወደደችው።

በዚያ ክረምት ስልኩ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን ይበዛ ስለነበር፣ ወሬያቸው በሚኒባስ ሾፌር እጅ በሚላክ ደብዳቤ ሆነ። የሰውአገኝ ደብዳቤ ሦስት እጁ ስለ ችግኝ ነው፤ መጨረሻው ላይ ስለ እሷ አንዲት መስመር ትመጣለች። ፍሬሰላም ታዲያ ደብዳቤውን ማንበብ የምትጀምረው ከመጨረሻው ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ እሁድ ረፋዱ ላይ አራት ሽማግሎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወይዘሮ አስናቀች ደጅ ደረሱ። ከፊት የቀደሙት የአቶ ነጋ የልጅነት ጓደኛ አያ ቢያዝን ናቸው። ከኋላ ሁለት የታወቁ የሰፈር አዛውንቶች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የአቶ ነጋ አማች። ፍሬሰላም ባየቻቸው ቅጽበት ጓዳ ገባች፤ የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትታይም። በመጋረጃው ጥግ እያየች ልቧ እንደ ኮረዳ ልብ መምታቱን ናቀችው።

አያ ቢያዝን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከነጋ ቤት ነው የመጣነው ብለው ጀመሩ። ሳይጨርሱ ወይዘሮ አስናቀች ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን አደገደጉና አንገታቸውን ደፉ።

"ገብቶኛል አያ ቢያዝን። ሽማግሌ በእሁድ ረፋድ ጋቢ ለብሶ ሲመጣ ምን እንደሚሻ የማያውቅ ወላጅ የለም። ልጄን ብላችሁ ከደጄ በመቆማችሁ አክብራችሁኛል። ግን ብቻዬን አልሰጥም፤ ዘመድ ላማክር። ፍልሰታ ሳይገባ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ መልሳችሁን ውሰዱ።"

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አማችየው አፉን ሲከፍት አያ ቢያዝን በከዘራቸው ጫፍ እግሩን ተጫኑት። ከዚያ "ሸጋ፣ እንዳልሽ" አሉና የቀረበላቸውን ጠላ በቁማቸው ቀመስ አድርገው ወጡ። ሲወጡ የሚሮጡ ይመስላሉ።

ወይዘሮ አስናቀች ብቻቸውን እልል አሉ። ፍሬሰላም ግን ከጓዳ ስትወጣ ደስታዋን እፍረት ተሻማው። የሴት ወላጅ ይግደረደራል፤ ሽማግሌውን ያመላልሳል፤ ቃሉን ከአፉ አይነጥቅም። ቲማቲም ሻጭ እንኳን እንቢ ሳይል አይሸጥም። እናቴ ለሀብታም ቤት ስትቸኩል አየሁ ብላ በልቧ ናቀቻቸው። ሰኞ ሲነጋ ቅዳሜ ገበያ ጨው ነጋዴዋ ሳትቀር ወሬውን ሰምታለች። ፍሬሰላም ንቀቷን ይዛ ሥራ ገባች፤ ከንቀቷ ሥር ግን ደስታዋ አላስቀምጥ አላት።

ረቡዕ ዕለት አያ ቢያዝን ብቻቸውን መጥተው ከምትሠራበት ግቢ በር ላይ ጠበቋት። ቤት መምጣት አፍሬ ነው አሏት። አጥሩ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽማግሌው ሰማዩን አዩ፣ ዝናቡን አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ፤ እሷን ብቻ ማየት አቃታቸው።

የመጡት ለጋብቻ አልነበረም። አቶ ነጋ የላኳቸው ለሌላ ነው። ፌስታል ሊከለከል ነው የሚለው ወሬ ከመጣ ወዲህ መጋዘናቸውን በምን እንደሚሞሉት ሲያስቡ፣ የልጅቱን የልጣጭ ጥበብ ሰሙ። ስለዚህ አሠራሩን ጽፋ ትስጠን፣ እኛም መጋዘን ውስጥ እንቅጠራት፣ ልጄን ግን ትተወው፤ መልእክቱ ይኸው ነው። ልትፈርምበት የተዘጋጀ ወረቀትም በአማችየው እጅ ነበር።

"እናትሽ ደስ ብሏት ስትነሳ አፌ እንቢ አለኝ" አሉ አያ ቢያዝን። "አርባ ዓመት ስሸመግል እንዲያ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ለጋብቻ አልመጣንም ብዬ እንዴት ልንገራት?"

ፍሬሰላም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። አቶ ነጋ ሥራው መሥራቱን ከማን ሰሙ? ሽማግሌው ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉላት። ነጋ ልጄ የጻፈው ነው ብሎ እኛ ዘንድ ተወው፤ አንቺ ብታይው ይሻላል ብዬ ነው አሏት። ጽሕፈቱን ገና ከእጃቸው ሳትቀበል አወቀችው። እንደ ልማዷ ከመጨረሻው መስመር ጀመረች።

"ከነልጣጩ ብናገኛት አንከስርም" ይላል።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣች።

"ይድረስ ለተከበሩ አባቴ። አባባ፣ ስለ ፍሬሰላም ባለፈው የነገርሁዎትን ስቀው ትተውታል። አሁን ግን በዓይኔ ያየሁትን ልጻፍልዎት። የሠራችው የችግኝ ከረጢት ሠርቷል። የጎረቤት በጎች አጥር ጥሰው ገብተው ሁለት መቶውን ቢበሉብንም፣ የቀሩት አራት መቶዎች ዝናቡን ችለው ሥሩ በጎናቸው ወጥቷል። ከበጎቹም አንድ አልሞተም። ፌስታል ቢከለከል መጋዘኑ ባዶ ይሆናል ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ይህችን ልጅ ቤታችን ብናስገባት እውቀቷም አብሯት ይገባል። ስለዚህ ሽማግሌ ይላኩልኝ። ድህነቷን አይመልከቱባት፤ ከነልጣጩ ብናገኛት አንከስርም።"

በሌላ ጊዜ ቢሆን በበጎቹ ትስቅ ነበር። ሁለት መቶ ከረጢት በልቶ ያልሞተ በግ ከአንድ ጥናት ይበልጣል ብላ ትጽፍለት ነበር። አሁን ግን አንዲት ቃል ላይ ቆማ ቀረች። አንከስርም። ልጁ የጠየቀው እሷን ከነእውቀቷ ነው፤ አባትየው ደግሞ የነጋዴ ጭንቅላት አላቸውና እውቀቱ ከተገኘ ልጅቱ ለምን ትመጣለች አሉ። ፍሬሰላም በአቶ ነጋ አልተቆጣችም። ከእሳቸው ሌላ ምን ትጠብቅ? መንገዱን ያሳየው ግን ልጃቸው ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ሽማግሌውን አመስግና ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አላለቀሰችም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሰው ንቃ አታውቅም፤ እንደዚያ ቀን ንቀት አሟትም አያውቅ።

ለእናቷ አልነገረችም። ወይዘሮ አስናቀች ግድግዳ እየለቀለቁ፣ ጌሾ እያስወቀጡ፣ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር በጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ እየተባሉ ነው። ምን ብላ ትንገራቸው? ከድብ ባሕር ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ አልከፈተችውም። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ እናቷ ገበያ ሳሉ የግቢው በር ተንኳኳ። ሰውአገኝ ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ በክንዱ አንድ የጽድ ችግኝ ታቅፏል።

መጀመሪያ ያየችው ችግኙን ነው። ከረጢቱ ሳስቷል፣ ነጫጭ ሥሮች ጎኑን በስተው ወጥተዋል። ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነገር ነው። ማየት የምትፈልገው እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ሰውዬ ክንድ ላይ ግን አልነበረም።

ምነው ጠፋሽ አላት። ደብዳቤ ብጽፍ ብጽፍ መልስ አጣሁ፣ የታመምሽ መስሎኝ ሥራ አስፈቅጄ መጣሁ አለ። ፍሬሰላም ወረቀቱን አወጣችና በማንጎ ፍሬ በተሞላው ትሪ ላይ አስቀመጠችለት። የገዛ ጽሕፈቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ነገረችው፤ ስለ አራቱ ሽማግሎች፣ አማችየው ስለያዘው ወረቀት፣ እናቷ ቃላቸውን ስለ መንጠቃቸው፣ ገበያው ሁሉ ስለ መስማቱ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤት እንደምታነብ ነገረችው።

"አላወቅሁም" አለ። "ፍሬ፣ በእግዚአብሔር ይህን አላወቅሁም። እኔ ሽማግሌ ይላኩልኝ ነው ያልሁት።"

"እሳቸውም ልከዋል። ምን አጎደሉብህ?"

"አባቴን ታውቂዋለሽ። በሚገባው ቋንቋ ካልጻፍሁለት እንደማይሰማኝ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ያላወቅሁት አንተ ያን ቋንቋ ይህን ያህል አጥርተህ መናገርህን ነው።"

ሰውአገኝ ችግኙን መሬት አስቀመጠ። የሚይዘው ነገር ሲያጣ እጆቹ የሌላ ሰው እጆች መሰሉ። ፍሬሰላም ምክንያት እንዲደረድር፣ እንዲምል፣ እንዲገዘት ጠበቀች፤ መናቁ ያን ጊዜ ይቀላት ነበር። እሱ ግን አልማለም።

"ፈራሁ" አለ። "ቢሳካም ባይሳካም ብዬሽ ነበር። ለአንቺ ስነግርሽ እውነቴን ነው። አባቴ ፊት ስቆም ግን ያንን ማለት አቃተኝ። ልጣጭ ለቃሚ ሲልሽ ዝም ብዬ ምሳዬን በልቼ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ብዙ ቀን። ስለዚህ ከረጢቱ ሲሠራ ደስ ያለኝ ለችግኙ ብቻ አልነበረም። ለአባቴ የማሳየው ነገር አገኘሁ ብዬ ነው። አፍሬብሽ ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ ለራሴም እንዲህ ብዬው አላውቅም።"

ይህን ሲናገር ዓይኗን አልሸሸም። ፍሬሰላም ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት አማራት፤ በጥፊ መምታትና ጭቃውን ከሱሪው ላይ ማራገፍ። ሁለቱንም አላደረገችም።

"እሁድ ከእናንተ ቤት ማንም እንዳይመጣ" አለች። "አንተም ከዚህ በር እንዳትደርስ። ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። ዋጋዬን ቀድሞ ሳይናገር ሊጠይቀኝ ያልደፈረ ሰው፣ ነገ ዋጋዬ ቢወርድ ምን ሊያደርገኝ ነው?"

ችግኙን ትቶላት ሄደ። እሷም እስኪመሽ ድረስ አልነካችውም፤ አመሻሽ ላይ ግን ሥሩ እንዳይደርቅ ብላ ውሃ አጠጣችው። ስታጠጣው አለቀሰች። ለቅሶዋንም አብራ ናቀችው።

እሁድ ማለዳ ወይዘሮ አስናቀች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ፍሬሰላም ከዚህ በላይ መሸሸግ አልቻለችም። እናቷን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሽማግሎቹ ለምን እንደመጡ፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ዛሬ ማንም እንደማይመጣ። እናቷ እንዳይወድቁባት ክንዳቸውን ይዛ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና በእርጋታ አይዋት።

"የመጡበትን አውቄዋለሁ" አሉ። "ያን ዕለት ገና ሲገቡ ነው ያወቅሁት።"

ፍሬሰላም የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

"ሠላሳ ዓመት ገበያ ተቀምጬ ሊገዛ የመጣና ሊያዋርድ የመጣ ፊቱ አይጠፋኝም ልጄ። ለጋብቻ የሚመጣ ሽማግሌ አስቀድሞ በሰው በሰው ያሰማል፤ እነዚህ ዱብ አሉብኝ። አማችየው ደግሞ ወረቀት ይዟል። ወረቀት ይዞ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ የት አገር አለ? ክፉ ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ ቀድሜ አከበርኋቸው። ሽማግሌ ላከበረው ሰው ስድብ ማድረስ ያቅተዋል።"

"ገበያው ሁሉ የሰማውስ?"

"እኔ ነኝ ያሰማሁት። ቅዳሜ ገበያ የሰማውን ነጋ በምን አፉ ይመልሰዋል? ቀጠሮውን አራት ሰው ሰምቶ እሺ ብሎ ሄዷል። ባይመጡ የሚያፍሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ ከማንም ደጅ አልሄድሁም።"

ፍሬሰላም ሁለት ሳምንት ሙሉ ለእናቷ ስታዝንላቸው ከርማለች። ማዘን ስትል ግን ከላይ ወደ ታች ማየቷ ነበር። የተማረች ልጅ ናት፤ ፊደል ቆጥራ፣ ቀመር አውቃ፣ የእናቷን አእምሮ ከፍራፍሬው ድርደራ አያልፍም ብላ አስቀምጣው ኖራለች። የሰው ሁሉ ንቀት ታያት እንጂ የራሷ አልታያትም ነበር። ይቅር በይኝ ልትል ፈለገችና፣ በዚያ ፈንታ የእናቷን የነጠላ ጫፍ አስተካከለች።

"የልጁን ነገር ግን ለአንቺ ትቼዋለሁ" አሉ ወይዘሮ አስናቀች። "እኔ የጠበቅሁት ስምሽን ነው። ልብሽን ራስሽ ጠብቂ።"

ውጭ ሳል ተሰማ። ፍሬሰላም ጓዳ ገባች።

ሦስት ሽማግሎች ናቸው፤ አማችየው ቀርቷል። ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቧል። አያ ቢያዝን ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ አሉና በቆሙበት ተናገሩ።

"አስናቀች፣ ዛሬ ነጋ አልላከንም። እንዲያውም አትሂዱብኝ ብሎን ተቀያይመናል። ልጁ ለምኖናል፤ ባይለምነንም እንመጣ ነበር፣ ቀጠሮ ይዘናልና። ልጅሽን ለሰውአገኝ ስጪን። ስለ ልጣጭም፣ ስለ ከረጢትም፣ ስለ ሌላም የምንጠይቅሽ የለም። የመጣነው ለልጅቱ ብቻ ነው።"

ልጁስ የት አለ ሲባሉ፣ ከታች መንገዱ ዳር ቆሟል አሉ። ከበሩ እንዳልደርስ ተከልክያለሁ ብሎ አልወጣም አለ፤ ከአባቱም ቤት ትናንት ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል አሉ።

ወይዘሮ አስናቀች መልስ ሊሰጡ ሲሰናዱ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። በዚያ አገር የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ብትወጣም አትናገርም። ፍሬሰላም ወጥታ መካከላቸው ቆመች።

"አያ ቢያዝን፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መልሱን እኔ ልስጥ። ልጁን ንቄዋለሁ። አባቱን ፈርቶ እኔን እንደ ሸቀጥ አሞግሶ ጻፈ። ይህን የምረሳ አይደለሁም፤ ተጋብተን፣ ወልደን፣ አርጅተንም በተቆጣሁ ቁጥር አነሳበታለሁ። ንቀቴ ፍቅሬን ይጨርስልኛል ብዬ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። አልጨረሰልኝም። ሁለቱም እዚሁ አሉ። ከሁለቱም ጋር መኖር ከቻለ ይምጣ በሉልኝ።"

ወይዘሮ አስናቀች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አንደኛው ሽማግሌ ጣራውን ማየት ጀመሩ። አያ ቢያዝን ግን ልጅቱን ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ እውነቱን በአንድ ጊዜ የነገረኝ ቤት ይህ የመጀመሪያው ነው አሉና ራሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መንገዱ ወረዱ። ቃሉን አንድ ሳያጎድሉ እንዳደረሱለት በኋላ ነው የታወቀው፤ ሸቀጥ የሚለውንም፣ አርጅተንም የሚለውንም።

ሰውአገኝ ዝናቡ እንደወረደበት ደጃፉ ላይ መጥቶ ቆመ። ሊገባ አልደፈረም። ሽማግሎቹን አልተሳለመም፣ ወይዘሮ አስናቀችንም አላየም፤ ያየው እሷን ብቻ ነው።

"እችላለሁ" አለ።

ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ፍሬሰላም የሚጨምር ቢሆን ኖሮ መልሷን ልትለውጥ አስባ ነበር። ጭቃውን አየች፣ ርጥብ ፊቱን አየች፤ ለመናቅ ስትሞክር ሌላ ነገር ቀደማት። ደስታ ነበር። ልማድ ሆኖባት ደስታዋን ትንሽ ናቀችው፤ ግን አላባረረችውም።